ነርስነት፣ ከፍተኛ ትምህርትና ክርስቲያናዊ አገልግሎት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በቀድሞ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚሁ አዳራሽ ተሰልፈን የዘመርን ልጆች ዛሬ በእንግድነት ተጠርተን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከልብ ነው። እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በነርስነት ሙያ የተሰማራን፣ ዛሬም በአሜሪካ አገር በልዩ ልዩ ሐኪም ቤቶች የምንሠራ ነን። ቀን ወይም ሌሊት ሥራችንን እየሠራን በተረፈን ሰዓት በኢንተርኔት አማካይነት፣ ክርስቲያናዊ መሠረት ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የነርስነት መሪነትን ትምህርት እስከ ዶክትሬት ደረጃ በመከታተል ላይ እንገኛለን።

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለዚሁ እንድንናገር ሲጠይቀን ከወላጆችና ከተማሪዎች የተሰበሰቡ ሦስት ጥያቄዎች አብሮ ልኮልናል። የመጀመሪያው፣ ነርስ ለሆነ ሰው ዶክትሬት ምን ይጠቅመዋል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መምህሩ ፊት ለፊት ሳይታይ በኢንተርኔት የሚገኝ ትምህርት እውነተኛ ትምህርት ነውን? የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ለሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ ክርስቲያናዊ የነርስነት ትምህርት ማለት ምን ማለት ነው? የሚል ነው። ሦስቱም በቀና ልብ የቀረቡ ጥያቄዎች ስለ ሆኑ እንደ አቅማችን በቅደም ተከተል ለመመለስ እንሞክራለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ሙያው ታሪክ ጥቂት እንበል። በሽተኛን ማስታመም ሰው በምድር ላይ ከኖረበት ጊዜ አንሥቶ ያለ ሥራ ነው። እናት ልጅዋን፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን ያስታምማል። ዳሩ ግን የማያውቁትን ሰው፣ ድኻውንና መጻተኛውን በአንድ ቤት ሰብስቦ በሥርዓት ማስታመም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ አለው። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኾች፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን የሚሆን ሰፊ ማረፊያ አሠርቶ ነበር። በእስልምናም ታሪክ ሩፋይዳ አል አስለሚያ የተባለች ሴት በመዲና ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታስታምም እንደ ነበር ይነገራል። ስለዚህ ከእናንተ መካከል እምነታችሁ ከእኛ የተለየ ልጆች ብትኖሩ፣ ይህ ሙያ የእናንተም ርስት መሆኑን እወቁ።

በአዲሱ ዘመን ደግሞ በ1836 በጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በተባለች ትንሽ ከተማ ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለ ቄስ ሴት ዲያቆናትን በማስታመም ሥራ የሚያሠለጥን ተቋም ከፈተ። እንግሊዛዊቱ ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በ1851 ወደዚያ ሄዳ ተማረች። በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶችን አስከትላ በቱርክ አገር ስኩታሪ ወደ ነበረው የጦር ሐኪም ቤት ሄደች። ሰዎች ይህችን ሴት ሲያስታውሱ በሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል ስትመላለስ ብቻ ያስቧታል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከፋኖሱ ይልቅ ብዙ ነፍስ ያዳነው እርሳስዋና ወረቀትዋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህንንም የምንልበት ምክንያት አለን። ከወታደሮቹ አብዛኞቹ የሚሞቱት በጥይት ሳይሆን በተስቦ፣ በኮሌራና በተቅማጥ ነበር። በ1855 የጸደይ ወራት ከእንግሊዝ የተላኩ የንጽሕና መርማሪዎች የሐኪም ቤቱን የቆሻሻ ቦይ አስጠርገው ንጹሕ አየር እንዲገባ ባደረጉ ጊዜ የሟቾች ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ናይቲንጌል ወደ አገርዋ ከተመለሰች በኋላ የሟቾችን ቁጥር በየወሩና በየምክንያቱ ለይታ፣ ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ በሚረዳው ሥዕል አድርጋ ለመንግሥት አቀረበች። በእንግሊዝ አገር የስታቲስቲክስ ማኅበርም የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። እንግዲህ የነርስነት መሪነት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በአገራችንም ቢሆን ነርስነት በክብር የተጀመረ ሙያ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ተምረው በ1939 የነርስነት ፈቃድ ተቀበሉ። የንጉሥ ልጅ ሆነው ሳለ የሕፃናትን አልጋ ማንጠፍንና ቁስል ማጠብን አልናቁም። በ1942 ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳሉ በወለጋ ዐረፉ። በስማቸውም የተሠራው የመታሰቢያ ሐኪም ቤት በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ይኸውም በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው። በ1954 ደግሞ በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር።

አሁን ወደ ፊተኛው ጥያቄ እንምጣ። ነርስ ለምን ዶክትሬት ይማራል? ብዙ ወላጆች እንደሚያስቡት ከሐኪም ጋር በማዕርግ ለመወዳደር አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በምሳሌ እናስረዳ።

አንድ በሽተኛ በአንድ ጐኑ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ሳይገላበጥ ቢቀር አጥንቱ በተጫነበት ስፍራ ሥጋው ደም ያጣና ይቆስላል፤ ይህ የአልጋ ቁስል ይባላል። ጥሩ ነርስ በሽተኛዋን በየጊዜው ታገላብጣለች፣ ገላውን ታያለች፣ ታደርቃለች። ነገር ግን በአንድ ሌሊት የተሰጧት በሽተኞች ከአቅምዋ በላይ ከሆኑ፣ ፍራሹ ያረጀ ከሆነ፣ ማን መቼ እንደ ተገላበጠ የሚጻፍበት መዝገብ ከሌለ፣ የርስዋ ደግነት ብቻውን በሽተኛውን አያድነውም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ቁስለኞቹን የሚቈጥር፣ ቁስሉ በየትኛው ክፍልና በየትኛው ሰዓት እንደሚበዛ የሚመረምር፣ በሌላ አገር የተሞከረውን መርምሮ የሚያውቅ፣ አዲስ ሥርዓት አውጥቶ ሠራተኞቹን የሚያስተምር፣ ገንዘብ ያዡንም በማስረጃ አሳምኖ ፍራሽ የሚያስገዛ ሰው ነው። ከዚያም ቁስሉ መቀነሱን ወይም አለመቀነሱን እንደ ገና ቈጥሮ የሚያረጋግጥ መሆን አለበት። እኛ የምንማረው ይህንን ነው።

ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አለ። ሊንዳ ኤይከን የተባሉት አሜሪካዊት ነርስና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፔንሲልቫኒያ ስቴት በ168 ሐኪም ቤቶች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ መርምረው በ2002 ውጤቱን አወጡ። ለአንድ ነርስ ከሚሰጡት በሽተኞች ላይ አንድ በተጨመረ ቁጥር፣ በሽተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል ከመቶ 7 እጅ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2003 ባወጡት ሁለተኛ ጥናት ደግሞ የዲግሪ ትምህርት ያላቸው ነርሶች ብዛት ከመቶ 10 እጅ ከፍ ባለበት ሐኪም ቤት የመሞት ዕድሉ ከመቶ 5 እጅ ያህል ዝቅ ብሎ ታየ። ይህ ዓይነቱ ጥናት የሁለት ነገሮችን አብሮ መሄድ እንጂ ምክንያቱን ሁሉ ጨርሶ አያሳይም። የሆነ ሆኖ የነርሶች ቁጥርና ትምህርት ለበሽተኛው ዕድሜ ትርጉም እንዳለው በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ታዲያ ስንት ነርስ ለስንት በሽተኛ ይመደብ? የሚለው ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነርስ ከሌለ፣ የበሽተኛውን ሌሊት የሚያውቅ ሰው በዚያ የለም ማለት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትም 2020ን የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞ በዚሁ ዓመት ባወጣው ዘገባ በዓለም 28 ሚሊዮን የሚጠጉ ነርሶች እንዳሉና 5.9 ሚሊዮን ነርሶች እንደሚጐድሉ አስታውቋል። የጐደለው የበዛው በድኾች አገሮች ነው። ይህን ጉድለት የሚሞሉ ልጆችን የሚያስተምር መምህር ደግሞ ራሱ በቅድሚያ መማር አለበት።

ስለ ትምህርቱ ዓይነትም ልንገራችሁ። በአሜሪካ ነርሶች የዶክትሬት ትምህርት ማግኘት የጀመሩት በ1920ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ነው። ዛሬ ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የፍልስፍና ዶክትሬት ወይም ፒ.ኤች.ዲ. የሚባለው ሲሆን ዓላማው አዲስ ዕውቀት በምርምር ማግኘት ነው። ሁለተኛው የነርስነት ሙያ ዶክትሬት ወይም ዲ.ኤን.ፒ. ይባላል፤ የተገኘውን ዕውቀት ወስዶ በሐኪም ቤትና በሕዝብ መካከል በሥራ ላይ ማዋልን ያስተምራል። ይህን ሁለተኛውን በ2001 አስቀድሞ የጀመረው የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2004 የአሜሪካ የነርስነት ኮሌጆች ማኅበር ስለ ደገፈው በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። የመሪነት ተማሪ የድርጅት አስተዳደርን፣ በጀትን፣ የጤና ፖሊሲን፣ ስታቲስቲክስን፣ የሥራ ጥራት ማሻሻልንና የሕሙማንን መረጃ በኮምፒዩተር መያዝን ይማራል። በመጨረሻም ቅድም በአልጋ ቁስል እንደ መሰልነው ያለ አንድ እውነተኛ ችግር መርጦ፣ መፍትሔውን ሞክሮ፣ ውጤቱን ጽፎ ያቀርባል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሻገር፣ በሩቅ ሆኖ መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በተልእኮ ትምህርት፣ ደብተራቸውን በፖስታ እየላኩና እየተቀበሉ ተምረዋል። ኢንተርኔት ፖስታውን አፈጠነው እንጂ የተማሪውን ላብ አልቀነሰውም። በነርስነትም ቢሆን በፒትስበርግ ከተማ የሚገኘው ዱኬን የተባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ከ1997 ጀምሮ የነርስነት ፒ.ኤች.ዲ. በኢንተርኔት ሲያስተምር ኖሯል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ የሚነበበው መጽሐፍና ጥናት፣ የሚሰማው ትምህርትና የሚመለሰው ጥያቄ ይገለጻል። ተማሪው በተመቸው ሰዓት አንብቦ መልሱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ የጓደኞቹንም ጽሑፍ አንብቦ በጨዋነት ይተቻል። በክፍል ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻል ይሆናል፤ በዚህ ግን ያልጻፈ ተማሪ እንደ ቀረ ይቈጠራል። ደግሞም ሁሉ ነገር በኮምፒዩተር አያልቅም። በ2006 የወጣው የዲ.ኤን.ፒ. መመሪያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1000 ሰዓት የተግባር ሥራ ይጠይቅ ነበር። የተግባሩንም ሥራ ተማሪው በሚኖርበት ከተማ፣ በአንድ ልምድ ባለው የሥራ መሪ ተቈጣጣሪነት በሐኪም ቤት ውስጥ ይፈጽማል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባ ሰው ሦስት ወይም አራት ዓመት ያህል፣ ማስተርስ ያለው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ እየሠራና ልጅ እያሳደገ የሚማር ሰው ግን ከዚህ ሊረዝምበት ይችላል።

ችግሩንም መደበቅ አይገባንም። የአሥራ ሁለት ሰዓት የሌሊት ሥራ ጨርሶ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ዓይን እየከበደ ስለ በጀት አንድ ምዕራፍ ማንበብ ቀላል አይደለም። ሰንበትና በዓል ይሸራረፋል፤ ዘመድ ለቅሶና ሠርግ ቀሩብን ብሎ ይቀየማል። ባል ወይም ሚስት፣ እናት ወይም እኅት ካላገዙ በስተቀር ይህን ትምህርት የሚፈጽም ጥቂት ነው። ስለዚህ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ቢሆንም ድካሙ የቤተ ሰቡ ሁሉ ነው።

ስለ ገንዘብም እንናገር። የትምህርቱ ዋጋ በብዙ አሥር ሺሕ ዶላር የሚቈጠር ሊሆን ይችላል። በአገራችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። በ2025 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ገንዘብ ገደብ እንዲኖረው አድርጓል። እንግዲህ የሚማር ሰው አስቀድሞ አሠሪው ከትምህርቱ ወጪ የሚሸፍንለት እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ብዙ ሐኪም ቤቶች በከፊል ይከፍላሉ። በ2007 በወጣው ሕግ መሠረትም ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት እየሠራ፣ ደንቡ በሚያዘው መሠረት 120 ወርኃዊ ክፍያ የከፈለ ሰው የቀረው የፌዴራል ዕዳው ሊሠረዝለት ይችላል። ይህን ሳያጣሩ መፈረም መልካም አይደለም።

ከሁሉ በላይ የትምህርት ቤቱን እውቅና መመርመር ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ፣ የነርስነቱም ትምህርት ለብቻው በታወቀ መርማሪ አካል የተፈቀደ መሆን አለበት። በስሙ መስቀል ወይም ቅዱስ ቃል ስላለበት ብቻ ማመን አይገባም። ገንዘብ ተቀብሎ በጥቂት ወራት ዶክተር እናደርጋለን የሚል ሁሉ ወረቀት ሻጭ ነው። እዚህ አገር ሆናችሁ ለመማር የምታስቡም ብትሆኑ፣ ብዙዎቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በአገራቸው የታወቀ የነርስ ፈቃድ እንደሚጠይቁ፣ ዲግሪው በዚህ አገር ይታወቅ እንደ ሆነም የሚመለከተውን ባለሥልጣን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ እንደሚገባ አትርሱ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። ክርስቲያናዊ መሠረት ማለት ምንድን ነው? በአሜሪካ እንዲህ ዓይነት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሎማ ሊንዳ በ1905 በአድቬንቲስቶች፣ በአሪዞና የሚገኘው ግራንድ ካንየን በ1949 በባፕቲስቶች፣ በቨርጂኒያ የሚገኘው ሊበርቲ ደግሞ በ1971 ተመሠርተዋል። ሃይማኖታዊ ልማዳቸው የተለያየ ነው። በአንዱ ትምህርቱ በጸሎት ይጀመራል፤ በሌላው ተማሪው ስለ ሰው ልጅ ክብር፣ ስለ ሥቃይና ስለ ሞት ከእምነቱ አንጻር እንዲጽፍ ይጠየቃል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ያደግን ልጆች በእነርሱ መካከል ስንማር የምንስማማበትም የምንለይበትም አለ። ይህ ግን ልባችንን አላስጨነቀውም፤ የራስን እምነት ጠንቅቆ ማወቅን አስተማረን እንጂ።

በኛ አስተያየት የነገሩ ሥር ሁላችሁ በምታውቁት በደጉ ሳምራዊ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ይህ ሰው በወንበዴዎች ተደብድቦ በመንገድ ዳር የወደቀውን ባየ ጊዜ ሁለት ሥራ ሠራ። የመጀመሪያው በገዛ እጁ ቁስሉን በዘይትና በወይን አጥቦ ማሰሩ ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰባኪ ፈጥኖ ያልፈዋል። ቁስለኛውን በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፤ ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ አደራ ሰጠ፤ የጐደለ ቢኖርም ሲመለስ እንደሚከፍል ተናገረ። መጓጓዣ፣ ማረፊያ፣ በጀት፣ አደራና ክትትል ማለት ይህ ነው። ቁስሉን አስሮ እዚያው ትቶት ቢሄድ ኖሮ ቁስለኛው በሌሊቱ ብርድ በሞተ ነበር። ማረፊያውን ብቻ አዘጋጅቶ ቁስሉን ለመንካት ቢጸየፍ ኖሮ ደግሞ ከማረፊያው ሳይደርስ ደሙ ፈስሶ ባለቀ ነበር። ነርስነት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ የነርስ መሪነት ሁለተኛው ነው፤ ምሕረት ግን ሁለቱንም ይጠይቃል።

የዚህን ምሳሌ ፍሬ በአገራችን ያሳዩ ሰዎች አሉ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ክርስቲያን ባልና ሚስት በ1959 ከአውስትራሊያ ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሐኪም ቤት የመጡት አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። በአስጨናቂ ምጥ የተጐዱትንና በፌስቱላ ምክንያት ከሰው የተለዩትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ማከም ጀመሩ። በ1974 ለእነዚሁ ሴቶች ልዩ ሐኪም ቤት አቋቋሙ። በ2007 ደግሞ ጉዳቱ ከነጭራሹ እንዳይደርስ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ቁስሉን አከሙ፣ ቤት ሠሩ፣ ከዚያም ሌላ ሰው እንዳይቈስል መከላከያውን አዘጋጁ።

ክርስቲያናዊ መሠረት ያልሆነውንም መናገር ይገባናል። ጸሎት እጅ መታጠብን አይተካም። እግዚአብሔርን የምትፈራ ነርስ የመድኃኒቱን መጠን ሁለት ጊዜ ታረጋግጣለች እንጂ በእምነት ነው ብላ በግምት አትሰጥም። በአልጋ ላይ ደክሞ የተኛ ሰው ሊሸሽ ስለማይችል ሳይፈልግ ስብከት እንዲሰማ ማስገደድም ፍቅር አይደለም። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ እምነት የለኝም የሚለውም አንድ ዓይነት ንጹሕ አንሶላና አንድ ዓይነት ለስላሳ ቃል ይገባቸዋል። በአገራችን ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አቋርጠው ሲጐዱ ታይቷል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ሲያስተምሩ ሰምተናል። እንዲህ ባለው ጊዜ በሽተኛውን ሳይሰድብ፣ እምነቱንም ሳይንቅ ካህኑንና ሐኪሙን በአንድ ቃል የሚያናግር የተማረ ነርስ ያስፈልጋል። ይህም አንዱ የመሪነት ሥራ ነው።

አሁን ስለ ሁለት የሚከብዱ ነገሮች በግልጽ እንናገር።

አንደኛው የማዕርግ ስም ነው። ወላጆቻችን ትምህርቱን ስንጀምር ዶክተር ልትባሉ ነውን? ብለው ደስ አላቸው። አዎን፣ ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ማዕርጉ የርሱ ነው። ነገር ግን በሐኪም ቤት ውስጥ ዶክተር ነኝ ብሎ ሲገባ በሽተኛው የሕክምና ዶክተር ይመስለዋል። ስለዚህ አንዳንድ የአሜሪካ ስቴቶች በስሙ አጠቃቀም ላይ ሕግ አውጥተዋል። እኛ የምንለው፣ ነርስ ዶክትሬት ቢኖረውም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ነርስ መሆኑን በኩራት ይናገር ነው። ማዕርጉን አንሥቶ ነርስነቱን የሚያፍርበት ሰው የተማረው ትምህርት አልጠቀመውም።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ነገር እናንተንም እንለምናችኋለን። ልጃችሁ ለሕክምና ዶክተርነት አልተመደበችም፣ ለነርስነት ተመደበች ሲባል ቤት ውስጥ እንደ ለቅሶ ቀን ዝም አትበሉ። ሐኪሙ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ ሌሊቱን ከበሽተኛው ጋር የምታድር ነርስዋ ናት። የትንፋሹን መለወጥ አስቀድማ የምታየውም እርስዋ ናት። በልጃችሁ ፊት ሙያዋን ካቃለላችሁባት ሙያዋን አትወደውም፤ ሙያዋን የማትወድ ነርስ ደግሞ አንድ ቀን የእናንተኑ አልጋ ታነጥፋለች።

ሁለተኛው ከባድ ነገር የኛው ጉዳይ ነው። በዚህ አገር ገንዘብ ተምራችሁ በባዕድ አገር ታገለግላላችሁ ብሎ የሚጠይቀን ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። የሄድንበት ምክንያት ብዙ ነው፤ በደመወዛችንም የሚኖሩ ቤተ ሰቦች አሉ። ይህ ግን ዕዳውን አይሠርዘውም። ኢንተርኔት እኛን ከዩኒቨርሲቲ ጋር ካገናኘን፣ እኛንም ከእናንተ ጋር ሊያገናኘን ይችላል። በዚያው ኮምፒዩተር የአንድ ወረዳ ሐኪም ቤት ነርሶች የአልጋ ቁስልን እንዴት እንደሚቈጥሩ አብሮ መሥራት፣ ለነርስነት ተማሪዎች የስታቲስቲክስን ትምህርት ማስረዳት፣ ጥናት ሲጽፉም ማረም ይቻላል። ስለዚህ በዓመት ከሚኖረን የዕረፍት ጊዜ ጥቂቱን ለዚህ ልናውል፣ ወደ ጤና ሙያ ለመግባት ለሚያስቡ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆችም በወር አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ጥያቄያቸውን ልንመልስ በዛሬው ቀን በፊታችሁ ቃል ገብተናል። ቃላችንን ባንጠብቅ ርእሰ መምህሩ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ስማችንን እንዲያወጡት ፈቅደንላቸዋል።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ ለመሪነት የሚበቃ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ለነርስ መሠረት ናቸው። ሒሳብን አትሽሹ፤ የመድኃኒት መጠን የሚሰላው በርሱ ነው፣ የሞትን ምክንያት የሚገልጠውም ቁጥር ነው። እንግሊዝኛን ለማንበብ፣ አማርኛንና የእናት ቋንቋችሁን ደግሞ በሽተኛን ለማጽናናት በደንብ ተማሩ። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በሰፈራችሁ የታመመ ሽማግሌ ቢኖር ውሃ አቀብሉት። ቁስል ለማሰር የሚጸየፍ እጅ ቤት ለማደራጀት አይታመንም።

ትምህርት ቤታችንን ላቋቋሙት፣ በትዕግሥት ላስተማሩን መምህራን፣ ከጉሮሮአቸው ቀንሰው ላሳደጉን ወላጆች ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ያሉትን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ከዚህ አዳራሽ የምትወጡትን ልጆችም እግዚአብሔር ለሰው የምትጠቅሙ ያድርጋችሁ።